ልጃችን ስላነበበችው መጽሐፍና ስለ ተቈረጠው ፎቶግራፍ

ልጅን ለማሳደግ እንጀራና ልብስ ብቻ እንደማይበቃ ሁላችን እናውቃለን። ልጅ በሕፃንነቱ ሳለ ወላጅ የሚጠይቀው ምን በላ፥ የት ዋለ ብሎ ነው። ማንበብ ከጀመረ በኋላ ግን ምን አነበበ፥ ካነበበውስ ምን ያዘ ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። አንዳንድ ወላጆች ለልጅ የሚሰጠው መጽሐፍ ደስ የሚያሰኝና መጨረሻው ያማረ ብቻ መሆን አለበት ይላሉ። እኛም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ይህንኑ እናስብ ነበር። አሁን ግን በገዛ ቤታችን የሆነው ነገር ሐሳባችንን ስለ ለወጠው፥ ለሌሎች ቤተ ሰቦችም ይጠቅም እንደ ሆነ ብለን በዚህ ሳምንት ገጻችን ልንጽፈው ወደድን።

መኖሪያችን በጉለሌ ከእንጦጦ ተራራ በታች ነው። ከእኛም ጋራ እናታችንና አንዲት የእኅታችን ልጅ ይኖራሉ። ልጅቱ 17 ዓመቷ ነው፤ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመጨረሻውን ክፍል ትማራለች። የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህሯ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ልብ ወለድ ታሪክ መርጦ፥ በውስጡ ስላሉት ሰዎችና ስለ ታሪኩ ፍሬ ነገር ያሰበውን እንዲጽፍ አዘዙ። እርስዋም ጆርጅ ኦርዌል የተባለው እንግሊዛዊ ደራሲ የጻፈውን፥ «1984» ተብሎ የተሰየመውን መጽሐፍ መረጠች። የጻፈችውን ማታ ማታ ከእራት በኋላ ታነብልን ነበርና፥ እኛም አራሚ እንሆናለን ብለን ተቀምጠን ተማሪ ሆነን ተነሣን።

ደራሲው የትውልድ ስሙ ኤሪክ አርተር ብሌር ነው። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1903 በህንድ አገር ተወለደ፤ በጐልማሳነቱ በበርማ የእንግሊዝ መንግሥት የፖሊስ ሹም ሆኖ አገለገለ፤ ኋላም በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ተሰልፎ አንገቱን በጥይት ቈሰለ። ይህን መጽሐፍ የጻፈው በስኮትላንድ ባሕር ላይ ጁራ በምትባል ደሴት ተቀምጦ፥ በሳንባ ነቀርሳ እየታመመ ነው። መጽሐፉ በሰኔ ወር 1941 ዓ.ም. ታተመ፤ ደራሲውም ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ሳይሞላው በ46 ዓመቱ ዐረፈ።

ታሪኩ የሚናገረው በሐሳብ ስለ ተፈጠረ አንድ መንግሥት ነው። በዚያ አገር አንድ ፓርቲ ብቻ ይገዛል፤ «ታላቅ ወንድም» የተባለው የገዢው ሥዕልም በየግድግዳው ተለጥፎ ሰውን ሁሉ ይመለከታል። በየፓርቲው ሰው ቤት የሚያይና የሚሰማ መሣሪያ በግድግዳ ላይ ተተክሎአል። በአፍ የተናገሩት ብቻ ሳይሆን በልብ ያሰቡት እንኳ ወንጀል ሆኖ ይቈጠራል። ጦርነትን የሚመራው መሥሪያ ቤት የሰላም ሚኒስቴር፥ ሰውን የሚያሠቃየው የፍቅር ሚኒስቴር፥ ሐሰትን የሚያትመው ደግሞ የእውነት ሚኒስቴር ይባላል። ዋናው ባለ ታሪክ ዊንስተን ስሚዝ የ39 ዓመት ሰው ሲሆን፥ የሚሠራው በዚሁ በእውነት ሚኒስቴር ነው። ሥራውም የቀድሞ ጋዜጦችን እያወጣ፥ ፓርቲው ዛሬ ከሚናገረው ጋራ የማይስማማውን ቃልና ቍጥር እየለወጠ እንደ ገና እንዲታተም ማድረግ ነው። አንድ ሰው በተገደለ ጊዜ ስሙ ከየጋዜጣው ይወጣል፤ የቀድሞውም ቅጅ በግድግዳ ውስጥ ባለ ቀዳዳ ተወርውሮ በእሳት ይጠፋል።

የእኛ እንጀራ የፍርድ ቤት ጸሓፊነት ነውና ይህን ክፍል ስታነብልን ሰውነታችን ቀዘቀዘ። በመዝገብ ላይ ስሕተት ቢገኝ መፋቅ ነውር መሆኑን ከሁሉ አስቀድመን የተማርን ነንና። የተሳሳተው ቃል ከሥሩ እንዲነበብ ሆኖ በአንድ ሰረዝ ይሰረዛል፤ ትክክለኛው ከበላዩ ይጻፋል፤ ያረመውም ሰው ከነቀኑ ይፈርምበታል። ይህ ሥርዐት ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የሰው ርስትና ነጻነት፥ አንዳንድ ጊዜም ሕይወቱ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው።

ልጅቱ ባለ ታሪኮቹን አንድ በአንድ እያነሣች ጽፋለች። ስለ ዊንስተን መጀመሪያ የሰጠችው ፍርድ ጠንካራ ነበር። ይህ ሰው በስውር ማስታወሻ ይጽፋል፤ ጁልያ የምትባል ሴትም ይወድዳል። በመጨረሻ ግን ተይዞ ከሁሉ አብልጦ በሚፈራቸው አይጦች ባስፈራሩት ጊዜ፥ ቅጣቱ በእርሱ ፋንታ በጁልያ ላይ እንዲሆን ይለምናል። ስለዚህ «ዊንስተን ፈሪ ሰው ነው፤ ደራሲው እንዲህ ያለውን ሰው ስለ ምን ዋና ባለ ታሪክ እንዳደረገው አልገባኝም» ብላ ጻፈች። ስለ ጁልያ ስትጽፍ ደግሞ ድፍረቷን አመስግና፥ ስለ ትላንትና ግድ የሌላት በመሆኗ ነቀፈቻት። ከሁሉ አብልጦ ያስፈራት ግን ኦብራየን ነው፤ ይኸውም አሠቃዩ ነው። ኦብራየን የተማረ፥ አነጋገሩ የታረመ፥ እንደ መምህር የሚያስረዳ ሰው ነው። «እስከ ዛሬ ትምህርትና ርኅራኄ አብረው የሚሄዱ ይመስለኝ ነበር» ስትል ጽፋለች። በዚህ ቃል እኛም ጥቂት ዝም ብለን ተቀመጥን።

ሳይም የተባለ ሌላ ሰው ደግሞ መዝገበ ቃላት ያዘጋጃል። ሥራው ቃል መጨመር አይደለም፤ ቃል ማጥፋት ነው። ቃሉ ከጠፋ ሰው ነገሩን ማሰብ ይሳነዋል ብሎ ያምናል፤ በመጨረሻም እርሱ ራሱ ይጠፋል። ልጅቱ ይህን ካነበበች በኋላ «እማማ፥ ከአማርኛ አንድ ቃል ይጥፋ ቢባል የትኛው እንዳይጠፋ ይፈራሉ» ብላ እናታችንን ጠየቀቻቸው። እናታችንም «አደራ» ብለው መለሱ። «አደራ ማለት ከጠፋ ማን ለማን ልጁን ይሰጣል» አሉ። እኛ ደግሞ ቃል መጥፋት ብቻ ሳይሆን መበላሸትም እንዳለ ነገርናት። በአገራችን በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. «እርምጃ ተወሰደበት» ማለት ተገደለ ማለት ነበር። እርምጃ ግን አስቀድሞ ሕፃን ግድግዳ ለቆ በእግሩ ሲሄድ የምንናገረው የደስታ ቃል ነበረ። ልጅቱ ይህን በደብተሯ ጻፈችው።

ለዚህ የቤተ ሰብ ገጽ ከሁሉ የሚቀርበው ግን ፓርሰንስ የተባለው ጎረቤት ነው። ይህ ሰው የዋህና ታዛዥ ነው፤ ልጆቹም ሰውን መሰለል በሚማሩበት ማኅበር ውስጥ ገብተዋል። አንድ ሌሊት በእንቅልፉ ገዢውን ሲረግም፥ የ7 ዓመት ልጁ በቍልፍ ቀዳዳ ሰምታ ታስይዘዋለች። አባትየውም በእስር ቤት ሆኖ በልጁ እንደሚኮራ ይናገራል። ልጃችን ስትጽፍ «ከልጅቱ ይልቅ አባትዋ አሳዘነኝ፤ ልጅቱ የተማረችውን አደረገች፤ እርሱ ግን የሚያዝንበትን ልብ አጥቶአል» አለች። ከዚህም ጋራ የዊንስተንን እናት አነጻጸረች። በረኀብ ዘመን ዊንስተን ሕፃን ሳለ የታመመች ታናሽ እኅቱን ቸኮላታ ነጥቆ ይሸሻል፤ እናትየው ግን የምትሰጣት ምንም ነገር ሳይኖራት ሕፃኒቱን በክንዷ ታቅፋ ትይዛታለች። ከዚያ በኋላ ሁለቱንም አላያቸውም። «እቅፉ ረኀብን አያስታግሥም፤ ነገር ግን በመጽሐፉ ውስጥ ፓርቲው ሊሠራውም ሊሽረውም ያልቻለ ነገር ይህ ብቻ ነው» ብላ ጻፈች። ይህ የ17 ዓመት ልጅ አስተያየት መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

እናታችን አንድ ማታ መጽሐፉን አንሥተው በሽፋኑ ላይ ያለውን ቍጥር ተመለከቱና፥ «ይህ ሰው ተሳስቶአል፤ በ1984 ደርግ አልነበረም፤ በግንቦት 1983 ሄዶአል» አሉ። ሁላችን ሳቅን። ልጅቱም የፈረንጅ ቍጥር መሆኑን አስረድታ፥ የፈረንጆች 1984 በእኛ ከ1976 ዓ.ም. ወደ 1977 ዓ.ም. የሚያልፈው ዓመት መሆኑን በጣቷ ቈጠረች። ከዚያም «በዚያ ዓመት በእኛ አገር ምን ሆነ» ብላ ጠየቀች።

እኛም የምናውቀውን ነገርናት። በጉለሌ ባለው በጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት የተማሩት ደራሲ አቶ በዓሉ ግርማ፥ በጋዜጣና በመጽሔት አዘጋጅነት ከሠሩ በኋላ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍ ያለ ሹመት ነበራቸው። በ1974 ዓ.ም. ወደ አሥመራ በተደረገው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ተካፍለው ያዩትን መሠረት አድርገው «ኦሮማይ» የተባለውን ልብ ወለድ ጻፉ። ዋናው ባለ ታሪክ ጸጋዬ ኃይለ ማርያም እንደ ዊንስተን የመንግሥትን ወሬ የሚያዘጋጅ ሰው ነው። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም ከሥራቸው ተነሡ። የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ከቤታቸው ወጥተው አልተመለሱም። ይህም ቀን በፈረንጅ አቈጣጠር በ1984 ውስጥ ነው። ከእርሳቸውም አስቀድሞ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን አቶ አቤ ጉበኛ «አልወለድም» የተባለውን መጽሐፍ በ1955 ዓ.ም. አሳትመው ነበር። በዚያ ውስጥ በማኅፀን ያለ ሕፃን የዚህን ዓለም ግፍ አይቶ መወለድን እንቢ ይላል። ያም መጽሐፍ ታገደ። እንግዲህ እንዲህ ያለው ታሪክ የሩቅ አገር ነገር ብቻ እንዳልሆነ ልጅቱ ተረዳች።

ጥያቄዋ ግን በዚህ አላበቃም። ያን ዘመን በዓይኗ ለማየት ብላ እናታችን የሚያኖሩትን የፎቶግራፍ ሣጥን ከፈተች። በውስጡ በ1967 ዓ.ም. በሠርጋቸው ቀን ከዘመዶቻቸው ጋራ የተነሡት ፎቶግራፍ ይገኛል። የቀኝ ጠርዙ የለም። እኛ ከሕፃንነታችን ጀምሮ «አይጥ በልቶት ነው» ሲባል ሰምተን አድገናል። ልጅቱ ግን ፎቶግራፉን ወደ መብራት አቅርባ፥ ጠርዙ እንደ መሥመር የቀና መሆኑን አየች። በሙሽራይቱም ትከሻ ላይ የማን እንደ ሆኑ የማይታወቁ ሦስት ጣቶች ቀርተዋል። «ጋሼ፥ አይጥ በመቀስ ይቈርጣልን» አለችን።

ውድ አንባቢዎች ሆይ፤ እኛ መልሱን እናውቅ ነበር። ከጐለመስን በኋላ ከዘመድ ሰምተን፥ እናታችን እንዳያዝኑ ብለን ያልሰማን መስለን ኖረናል። በዚያች ማታ ግን እናታችን ራሳቸው ተናገሩ። ጣቶቹ የታናሽ ወንድማቸው ናቸው። በ1970 ዓ.ም. ተማሪ ነበር፤ 19 ዓመቱ ነበር። በሌሊት ወሰዱት፤ ሬሳውም አልተገኘም። በዚያ ዘመን ልጃቸው ለተገደለበት ጥይት ዋጋ ክፈሉ የተባሉ ወላጆች እንደ ነበሩ፥ ማልቀስና ኀዘን መቀመጥ የተከለከሉም እንደ ነበሩ ብዙ ሰው ያውቃል። እናታችን ያን ጊዜ እኛን ፀንሰው ነበር። በየቤቱ ፍተሻ ስለ ነበረ፥ ፎቶግራፉ ቢገኝ ይህ ማን ነው፥ ከማን ጋራ ይውል ነበር ተብሎ የቀሩት ወንድሞች እንዳይወሰዱ ፈርተው፥ ሳይነጋ በመቀስ ቈርጠው በምድጃ አቃጠሉት።

ልጅቱ ይህን ሰምታ ፊቷ ተለወጠ፤ የአፏንም ቃል ሳትመዝን «እንግዲያውስ እማማ የሠሩት ሥራ የዊንስተን ሥራ ነው» አለች። እናታችን አንዳች አልመለሱም። ተነሥተው እራት ሳይበሉ ወደ መኝታቸው ገቡ። እኛ ልጅቱን ለመቈጣት ተነሣን፤ ነገር ግን ቍጣ አፍን ይዘጋል እንጂ ጥያቄን አይመልስምና ተውነው። ሌሊቱን ሁሉ ግን ቃሏ በእውነት ልክ ነውን እያልን ስንመረምር አደርን።

በማግሥቱ ለልጅቱ የመለስንላት ይህ ነው። በመጀመሪያ ሁለቱ ሥራዎች አንድ አይደሉም። የእውነት ሚኒስቴር የሚያቃጥለው ሌላው ሰው እንዲረሳ ነው፤ እናትሽ የቈረጡት ግን በቤት የቀሩት እንዲተርፉ ነው። ሚኒስቴሩ ካቃጠለ በኋላ ሰውየው ከቶ አልነበረም ይላል፤ እርሳቸው ግን አንድ ቀን እንኳ አልነበረም ብለው በልባቸው አላመኑም። የሚያስፈራራውንና የፈራውን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ፍርድ ማጓደል ነው። በፍርድ ቤት እንኳ ሰው ተገድዶ የሰጠው ቃል ወዶ እንደ ሰጠው ቃል አይቈጠርም።

ሁለተኛው ግን በእኛ ላይ የሚመጣ ነው። ፍርሃቱ በ1983 ዓ.ም. አልፎአል፤ ከዚያ በኋላ የወንድማቸውን ስም አታንሡ ያለን ማንም የለም። እኛ ግን የአይጡን ተረት ከሠላሳ ዓመት በላይ በቤታችን አኖርነው። የሌላውን ሰው ጉዳይ ከነቀኑና ከነፊርማው እየጻፍን እንጀራ የምንበላ ሰዎች፥ የገዛ አጎታችንን ስም በአንዲት ብጣሽ ወረቀት ላይ እንኳ አልጻፍንም። ስለዚህ በዚህ ቤት የዊንስተንን ሥራ የሠራ ቢኖር፥ ያች የ24 ዓመት ሙሽራ አይደለችም፤ ብዕር በእጁ ይዞ ዝም ያለው ነው። ይህን ለልጅቱ ስንናገር አፈርን፤ አሁንም ስንጽፈው እናፍራለን።

ልጅቱ አለቀሰችና ወደ እናታችን ገብታ ጕልበታቸውን ስማ ይቅርታ ለመነች። እናታችንም «ልጄ፥ የጠየቅሽው ደግ ነው፤ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» አሉ። ቀጥለውም «ጣቶቹን ላወጣ ብል የራሴን ትከሻ መቍረጥ ሆነብኝ፤ ስለዚህ ተውኋቸው። የፈተሹት ሰዎች አላዩአቸውም። እኔ ግን ሣጥኑን በከፈትሁ ቍጥር አያቸዋለሁ» አሉ። ከዚያ በኋላ ወደ እኩለ ሌሊት እስኪጠጋ ድረስ ስለ ወንድማቸው አጫወቱን፤ ኳስ መጫወት ይወድ እንደ ነበረ፥ ሹሮ ሜዳ ካለ ሸማኔ በገዛ ገንዘቡ ለእናቱ ነጠላ እንዳሠራ፥ ሲሥቅ ዓይኑን ይጨፍን እንደ ነበረ። ልጅቱም ሁሉን ጻፈች። በፎቶግራፉም ጀርባ ስሙንና የክርስትና ስሙን፥ የተወለደበትንና የተወሰደበትን ዓመት፥ ጠርዙን ማን ስለ ምን እንደ ቈረጠው፥ ማን በየትኛው ቀን እንደ ጻፈው አሰፈርን። እናታችንም በእጃቸው ፈረሙበት።

ከጥቂት ቀን በኋላ ልጅቱ ሌላ ጥያቄ አመጣች። «በመጽሐፉ ውስጥ መዝገብ ሁሉ ይጠፋል፤ በእውነተኛው ዓለምስ ሁልጊዜ እንደዚሁ ነውን» አለች። በዚህ ነገር የሙያችን ዕውቀት ረዳን። የእናታችን 1984 ማለት የእኛው 1984 ዓ.ም. በአገራችን የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት በአዋጅ ቍጥር 22/1984 የተቋቋመበት ዓመት ነው። አዋጁ ወንጀል የሠሩትን ለፍርድ ከማቅረብ በላይ፥ የተፈጸመው ግፍ ለመጪው ትውልድ ተመዝግቦ እንዲቀመጥ የታሪክ ግዴታ መሆኑን ያመለክታል። የደርግ ባለ ሥልጣኖች ጉዳይ በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. በፍርድ ቤት ተከፈተ፤ የጥፋተኛነቱም ፍርድ በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ተሰጠ። 12 ዓመት ፈጅቶአል፤ ዋናው መሪም በዚምባብዌ ስለ ነበሩ ፍርዱ የተሰጠው በሌሉበት ነው። መዘግየቱ ብዙ ሰውን አሳዝኖአል፤ ይህንንም ከልጅቱ አልሸሸግንም።

በዚያ ክርክር ከቀረቡት ዋና ዋና ማስረጃዎች አያሌዎቹ የመንግሥቱ የራሱ መዝገቦች ነበሩ፤ ይኸውም የተፈረመባቸው ትእዛዞች፥ ቃለ ጉባኤዎችና የስም ዝርዝሮች ናቸው። ገዳዩ ራሱ ጻፈ፤ ጽሕፈት ቤቱም አኖረው፤ ጊዜው ሲደርስ ወረቀቱ ተናገረ። ኦርዌል የፈራው መንግሥት መዝገቡን ሁሉ የሚለውጥ ነበር፤ የእኛው ግን በሥራው ይተማመን ስለ ነበረ መዝገቡን በሣጥን አኖረ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚለው የአባቶች ምሳሌ በዚህ ተፈጸመ። ሆኖም እውነት በራሱ አይጠራም፤ ወረቀቱን ሳይፍቅ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልገዋል።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሳለን የሰማነው ታሪክም ትዝ አለን። ነቢዩ ኤርምያስ የተናገረውን ጸሓፊው ባሮክ በጥቅልል ላይ በጻፈ ጊዜ፥ ንጉሡ ኢዮአቄም በክረምት ቤቱ እሳት ዳር ተቀምጦ ሲነበብለት በካራ እየቀደደ ጥቅልሉን ሁሉ በእሳቱ ላይ ጣለው። ባሮክ ግን ሌላ ጥቅልል ወስዶ የተቃጠለውን ሁሉ እንደ ገና ጻፈ፤ ሌላም ብዙ ቃል ተጨመረበት። ኦርዌል ያላሰበው ይህን ጸሓፊ ነው እንዳንል ግን፥ ልጅቱ ከመጽሐፉ መጨረሻ አንድ ነገር አሳየችን። ታሪኩ በዊንስተን መሸነፍ ካለቀ በኋላ ስለዚያ መንግሥት አዲስ ቋንቋ የሚያስረዳ ተጨማሪ ጽሑፍ አለ። ይህም ጽሑፍ ስለ መንግሥቱ የሚናገረው «ነበረ» እያለ ነው። «እንግዲህ ከዚያ ሁሉ በኋላ የተረፈና በነጻነት የጻፈ ሰው አለ ማለት ነው» አለች። ሌሎች ሊቃውንትም ይህን አስተውለዋል፤ ሁሉም ግን አይስማሙበትም። እኛ ለልጅቱ ተስፋ መሆኑን ስላየን አልተከራከርናትም።

ጽሑፏን ለመምህሯ ከመስጠቷ በፊት ስለ ዊንስተን የጻፈችውን ቃል አረመች። «ፈሪ» የሚለውን እንደ ሙያችን ሥርዐት ከሥሩ እንዲነበብ አድርጋ በአንድ ሰረዝ ሰረዘችና፥ ከበላዩ «ብቻውን የቀረ» ብላ ጻፈች። ምክንያቱን ስንጠይቃት፥ እማማ ሲፈሩ በማኅፀን ያለ ልጅና የቀሩ ወንድሞች ነበሩአቸው፤ ዊንስተን ግን የሚያተርፈው ሰው አልነበረውም አለች። ባለፈውም ቅዳሜ እናታችንን ይዘን በመስቀል አደባባይ በ2002 ዓ.ም. ወደ ተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ሄድን። በግድግዳው ላይ ብዙ የወጣቶች ፎቶግራፍ ተሰቅሎአል። የአጎታችን የለም፤ የተረፈን ሦስት ጣት ብቻ ነውና። እናታችን ግን የሰዎቹን ፊት አንድ በአንድ እየተመለከቱ እስከ መጨረሻው ሄዱ፤ ከወጣን በኋላም «እነዚህ ሁሉ እናት ነበራቸው» አሉ።

እንግዲህ አንባቢዎቻችንን የምንመክረው ይህ ነው። ልጃችሁ የሚያሳዝን መጽሐፍ ይዞ ብታዩት አትንጠቁት፤ ከአጠገቡ ተቀምጣችሁ ምን ይላል ብላችሁ ጠይቁት። ልጆቻችሁን የጎረቤት ጆሮ ጠቢ አታድርጓቸው፤ በቤት የተነገረውን ሁሉ ወደ ውጭ እንዲያወጡ ወይም የአንዱን ወላጅ ነገር ለሌላው እንዲያመላልሱ አታስለምዷቸው። በሣጥን ያለውን ፎቶግራፍ አውጡና በጀርባው የእያንዳንዱን ሰው ስምና ዓመት ጻፉ። በቤት ያሉ አረጋውያን ሳያልፉ ቃላቸውን በወረቀት አስፍሩ፤ በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ተብሎአልና። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚባለውም እውነት ነው፤ ነገር ግን የተወጋው በሞተ ጊዜ የሚያስታውሰው ልጁ ካልሆነ ማን ይሆናል።

የቤታችን ፎቶግራፍ አሁን ከሣጥን ወጥቶ በግድግዳ ላይ ተሰቅሎአል። ጠርዙ እንደ ተቈረጠ ነው፤ ልናስተካክለውም አልወደድንም። እንግዳ መጥቶ ስለ ምን ጐደለ ብሎ ቢጠይቅ፥ ልጅቱ አውርዳ ጀርባውን ታነብለታለች። አይጥ በላው የሚል ሰው በቤታችን የለም። እግዚአብሔር ለሁላችሁም የሚጠይቁ ልጆችንና የሚመልሱ ወላጆችን ይስጣችሁ።